ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን

(የመግቢያ ሙዚቃ ይሰማል፤ ቀስ ብሎ ይወርዳል)

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሳር ነው። ከብት ስለሚግጠው ወይም ለበዓል ስለሚጎዘጎዘው ሳር አይደለም። በስታዲየም፣ በጎልፍ ሜዳ፣ በሆቴልና በመኖሪያ ግቢ ተተክሎ በየጊዜው ስለሚታጨደው ሳር፣ በተለይም የዚህን ሳር እድገት በኬሚካል ስለመግታት ነው።

ነገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው “እንዲያድግ ማዳበሪያ ይበተንለታል፤ መልሶ ደግሞ እንዳያድግ መድኃኒት ይረጭበታል። ይህ ምን የሚሉት ሥራ ነው?” ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ተገቢ ጥያቄ ነው። የሜዳ ሳር ባለሙያ ግን የሚፈልገው ረጅም ሳር አይደለም። የሚፈልገው ጥቅጥቅ ያለ፣ ሲረገጥ ቶሎ የማይሳሳ፣ መሬቱን አፈር ሳያሳይ የሸፈነ ሳር ነው። ሳሩ ወደ ላይ ለመመዘዝ የሚያወጣው ጉልበት አብዛኛው በማጨጃው ምላጭ ተቆርጦ የሚጣል ነው። ይህ ጉልበት ከሥር ለማቆጥቆጥና ወደ ጎን ለመስፋፋት እንዲውል ማድረግ ከተቻለ፣ ሜዳውም ይጠቀማል፣ የሚያጭደውም ሰው ፋታ ያገኛል። የእድገት ተቆጣጣሪ ኬሚካሎች የሚሠሩት ይህንን ነው።

በክረምት የሆቴል ግቢ ሳር የሚንከባከብ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቆ ያጭዳል፤ ሳምንት ሳይሞላ ሳሩ ተመልሶ ይቆማል። ማሽኑ በእርጥብ ሳር ይታነቃል፣ ጎማው ለስላሳውን መሬት ይቆፍራል፣ የታጨደው ሳር በየጥጉ ተከምሮ ይሸታል። ሜሪላንድና ቨርጂንያ ያላችሁ አድማጮች ደግሞ ይህንኑ በሚያዝያና በግንቦት ታዩታላችሁ። በጎልፍ ሜዳ ላይ ጉዳዩ ከዚህም ይብሳል። ጉድጓዱ ያለበት፣ ኳሷ ተንከባልላ የምትገባበት፣ ግሪን የሚባለው ክፍል የሚታጨደው 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ በሆነ ቁመት ነው፤ በጨዋታ ወቅት በየቀኑ ማለዳ ይታጨዳል። እዚህ ላይ ሳሩ በአንድ ቀን ውስጥ በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢረዝም እንኳ የኳሷ አሯሯጥ ይለወጣል።

ታሪኩ የሚጀምረው ግን ከሳር ሜዳ ሳይሆን ከሩዝ ማሳ ነው። ጃፓን ውስጥ ገበሬዎች ባካናኤ የሚሉት የሩዝ በሽታ ነበር። የታመመው ቡቃያ ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ ይመዘዛል፤ ቀጭንና ገርጣጣ ሆኖ ይረዝምና ፍሬ ሳይሰጥ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ1926 ኤይቺ ኩሮሳዋ የተባለ ጃፓናዊ ተመራማሪ፣ ያን ጊዜ በጃፓን ግዛት ሥር በነበረችው ታይዋን እየሠራ፣ በሽታውን የሚያመጣውን ፈንገስ በፈሳሽ ውስጥ አሳደገ። ከዚያም ፈሳሹን አጣርቶ፣ ፈንገሱ የሌለበትን ውኃ ብቻ ለጤነኛ ቡቃያ ሰጠ። ጤነኛው ቡቃያ ልክ እንደታመመው ተመዘዘ። የሚያስረዝመው ፈንገሱ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር እንደሆነ በዚህ ተረጋገጠ። በ1935 ቴይጂሮ ያቡታ ንጥረ ነገሩን ጂብሬሊን ብሎ ሰየመው። ቆይቶም ጤነኛ ዕፅዋት ራሳቸው ጂብሬሊን እንደሚያመርቱ ታወቀ። ስንዴውም፣ ጤፉም፣ በረንዳችሁ ፊት ያለው ሳርም የሚረዝሙት በዚህ ሆርሞን ነው።

ጂብሬሊን የዕፅዋት ሴሎች እንዲለጠጡ ያዛል። የሳር ቅጠል ከሥሩ አዳዲስ ሴሎች ይወልዳል፤ ሴሎቹ ሲለጠጡ ቅጠሉ ወደ ላይ ይገፋል። ሆርሞኑ ሲያንስ ሴሎቹ መወለዳቸውን አያቆሙም፤ ብዙም ሳይለጠጡ አጭር ሆነው ይቀራሉ እንጂ። የእድገት ተቆጣጣሪ የተረጨ ሳር ከጥቂት ቀናት በኋላ ጠቆር ያለ አረንጓዴ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ያው አረንጓዴው ቀለም ባጠሩት ሴሎች ውስጥ ተጠጋግቶ ስለሚታይ ነው። አላፊ አግዳሚው ማዳበሪያ የተበተነለት ሊመስለው ይችላል።

እዚህ ላይ ከሜዳው ትንሽ ወጣ ልበል፤ ጉዳዩ ገበሬውንም ይነካልና። በአረንጓዴው አብዮት ዘመን ኖርማን ቦርሎግ ያዳቀላቸው አጫጭር የስንዴ ዝርያዎች ያጠሩት ለጂብሬሊን ትእዛዝ እንዳይታዘዙ የሚያደርግ ዘረ መል ስላላቸው ነው። ማዳበሪያ ቢበዛላቸውም አገዳቸው አይመዘዝም፤ ዛላቸው ቢከብድም አይወድቁም። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ክሎርሜኳት የተባለ ኬሚካል በስንዴ ላይ እየተረጨ አገዳውን ያሳጥራል። የእኛው ጤፍስ? የጤፍ ትልቁ ጠላት መጋሸብ መሆኑን ያላየ ገበሬ የለም። ቀጭኑ አገዳ ዛላውን መሸከም አቅቶት፣ አንድ ዝናብና አንድ ነፋስ ሲመጣ ማሳው በሙሉ ይተኛል፤ ለማጨድ ያስቸግራል፣ ፍሬው ይበላሻል። በስዊዘርላንድ በርን ዩኒቨርሲቲ የዶክተር ዘሪሁን ታደለ የምርምር ቡድን በ2016 ባሳተመው ጥናት፣ ጤፍና ዳጉሳ በውስጣቸው ጂብሬሊን እንዲያንስ ሲደረግ መጋሸብንም ድርቅንም የበለጠ እንደሚቋቋሙ አሳይቷል። ለዚህ ሥራ ከተጠቀሙባቸው ነገሮች አንዱ ፓክሎቡትራዞል የተባለ ኬሚካል ነው፤ በጎልፍ ሜዳ ላይ የሚረጨውም ይኸው ነው። ይህን ስላችሁ ግን ለምግብ በተዘራ ጤፍ ላይ ሄዳችሁ እርጩ ማለቴ አይደለም። ጥናት ሌላ፣ ተመዝግቦ የተፈቀደ አጠቃቀም ሌላ ነው። ይህ እውቀት ለዝርያ ማሻሻያ መንገድ ማሳየቱ ግን እኔን በጣም ያስደስተኛል።

ወደ ሜዳችን እንመለስ።

(አጭር የሙዚቃ ድልድይ)

በሳር ላይ መጀመሪያ የተሞከረው ኬሚካል በጂብሬሊን ላይ የሚሠራ አልነበረም። በ1949 ለሳይንሱ ዓለም የተዋወቀው ማሌይክ ሃይድራዛይድ የሴሎችን መከፋፈል ጭራሽ የሚያቆም ነው። አሜሪካኖች በአውራ ጎዳና ዳር ያለውን ሳር ለማጨድ የሚያወጡትን ወጪ ለመቀነስ ተጠቀሙበት። ችግሩ መከፋፈል ያቆመ ሳር ራሱን ማደስም ያቆማል። ቢጫ ይሆናል፣ ይሳሳል፣ የተጎዳው ቦታ አይሞላም። መኪና በፍጥነት የሚያልፍበት መንገድ ዳር ይህን ማንም ላያስተውል ይችላል፤ ሃያ ሁለት ሰው በታኬታ በሚሮጥበት ሜዳ ላይ ግን ጥፋት ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት መፍሉዳይድና ኤተፎን በተለይ ሳሩ አበባና ዘር እንዳያወጣ ለመከልከል ጥቅም ሰጥተዋል፤ ኤተፎን አሁንም በዚሁ ሥራ ላይ ነው።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው የጂብሬሊንን አሠራር የሚያቋርጡት ኬሚካሎች ሲመጡ ነው። ሳሩ ሆርሞኑን በአንድ ጊዜ አይሠራውም። አንዱ ንጥረ ነገር ወደ ሌላው እየተለወጠ፣ ብዙ ደረጃ አልፎ፣ መጨረሻ ላይ ነው የሚያስረዝመው ዓይነት የሚገኘው። ፓክሎቡትራዞልና ፍለርፕሪሚዶል የተባሉት ይህን ሂደት ገና ከጅምሩ ያቋርጡታል። በአብዛኛው የሚገቡት በሥር በኩል ስለሆነ ከተረጩ በኋላ ውኃ ጠጥተው ወደ አፈሩ መውረድ አለባቸው። ትሪኔክሳፓክ ኤቲልና ፕሮሄክሳዲዮን ካልሲየም ደግሞ መጨረሻው ደረጃ ላይ ይመጣሉ። የሚገቡት በቅጠል በኩል ነው፤ ስለዚህ ከተረጩ በኋላ ወዲያው ውኃ ማጠጣት መድኃኒቱን ማጠብ ነው። ይህን ልዩነት ሳያውቅ የሚረጭ ሰው ገንዘቡን ያፈስሳል። ከእነዚህ ሁሉ በሳር ሜዳ ላይ በብዛት የሚሠራበት በ1990ዎቹ ገበያ ላይ የዋለው ትሪኔክሳፓክ ኤቲል ነው፤ ከዚህ በኋላ የምነግራችሁም በአብዛኛው ስለ እርሱ ይሆናል።

በትክክል ሲረጭ ምን ይሰጣል? የሚታጨደው ሳር መጠን በግማሽ ገደማ ሊቀንስ ይችላል። ሳሩ ከሥሩ በብዛት ያቆጠቁጣል፤ ይጠቀጥቃል። ሜዳው ላይ የተሰመሩት ነጭ መስመሮች ቶሎ አይጠፉም፤ ቀለም የተቀባው ቅጠል ተቆርጦ እስኪጣል ይቆያልና። አንዳንድ የስታዲየም ሠራተኞች ይህንኑ ኬሚካል ከመስመር ቀለሙ ጋር ቀላቅለው ይጠቀሙበታል።

ለእኔ ከሁሉ የሚገርመኝ ግን በጥላ ሥር የሚሠራው ሥራ ነው። ሳር ብርሃን ሲያጣ ብርሃን ፍለጋ ይመዘዛል፤ ጂብሬሊኑ ይበዛል፣ ቅጠሉ ይቀጥናል፣ ያለችውን ጥቂት ስንቅ ለርዝመት ያባክናል። ምላጩ ደግሞ ያንን ርዝመት ይቆርጥበታል። በየሳምንቱ ይህ ሲደጋገም ሳሩ ይሳሳና አፈሩ ይታያል። ከትልቅ ዛፍ ሥር ወይም ከስታዲየሙ ከፍተኛ መቀመጫ ጥላ ሥር ያለው ሳር ለምን ሁልጊዜ እንደሚታመም የሚገርማችሁ ካላችሁ፣ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የእድገት ተቆጣጣሪ ይህን ብክነት ይገታል፤ በጥላ ውስጥ የሚኖረው ሳር ስንቁን እንዲቆጥብ ያደርገዋል። ብርሃን አይፈጥርለትም፤ ድቅድቅ ባለ ጥላ ውስጥም አያኖረውም። በከፊል ጥላ ግን ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እመጣለሁ። እባካችሁ እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ፤ ብዙ ባለሙያ እንኳ የሚሳሳተው እዚህ ነው።

የኬሚካሉ ኃይል ለዘላለም አይቆይም። ሳሩ በውስጡ እየፈጨ ያጠፋዋል። ካለቀ በኋላ ደግሞ ሳሩ ወደ ቀድሞ እድገቱ ብቻ አይመለስም፤ ካልተረጨው ሳር በልጦ መመዘዝ ይጀምራል። ለምን ቢባል፣ ትሪኔክሳፓክ የሚያቋርጠው የመጨረሻውን ደረጃ ስለሆነ ከዚያ በፊት ያለው ንጥረ ነገር፣ የጂብሬሊኑ ጥሬ ዕቃ፣ እንደተገደበ ወንዝ ከኋላ ሲጠራቀም ይቆያል። መድኃኒቱ ሲያልቅ ግድቡ ይከፈታል፤ የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ሆርሞን ይለወጣል። በዚያ ሳምንት የሚያጭደው ሰው መድኃኒቱን ይረግማል። “ጭራሽ አሳደገው እኮ!” ይላል። እውነቱንም ነው፤ ጥፋቱ ግን ያለው በጊዜ አያያዙ ላይ ነው።

ታዲያ መቼ ይደገም? ለብዙ ዓመታት የነበረው ልማድ በቀን መቁጠሪያ መሄድ ነበር፤ በየአራት ሳምንቱ አንዴ። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ማዲሰን ተመራማሪዎች የነበሩት ቢል ክሩዘርና ዳግ ሶልዳት በ2011 ያሳተሙት ሥራ ይህን ልማድ አፈረሰው። በጎልፍ ግሪን ላይ በሚተከለው ቤንትግራስ በሚባለው ሳር ላይ ሠርተው ያገኙት፣ ሳሩ መድኃኒቱን የሚፈጨው በሙቀቱ ልክ እንጂ በቀን ብዛት እንዳልሆነ ነው። ስለዚህ መቆጠር ያለበት የሙቀት ድምር ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ ወረቀትና እርሳስ ካላችሁ አብራችሁኝ ሥሩት። የቀኑን ከፍተኛ ሙቀትና ዝቅተኛ ሙቀት በሴልሺየስ ደምሩና ለሁለት አካፍሉ። ለምሳሌ ከፍተኛው 28፣ ዝቅተኛው 16 ከሆነ ድምሩ 44፣ ለሁለት ሲካፈል 22 ይሆናል። የዚያ ቀን ሂሳብ 22 ነው። በማግስቱ የሚገኘውን ደምሩበት፤ በሠልስቱም እንደዚሁ። ከተረጨበት ቀን ጀምሮ ድምሩ 200 ሲደርስ እንደገና ይረጫል። አሁን ልዩነቱን ተመልከቱ። በጸደይ መጀመሪያ አማካይ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲሆን 200 የሚሞላው በ20 ቀን ነው። በበጋ ሙቀት፣ አማካዩ 22 ሲሆን፣ በ9 ቀን ገደማ ይሞላል። አንድ ሰው በልማዱ መሠረት 28 ቀን ቢጠብቅ ድምሩ 600 አልፎታል ማለት ነው። መድኃኒቱ ካለቀ ቆይቷል፤ ሳሩም ካልተረጨው በልጦ እየተመዘዘ ነው። በየአራት ሳምንቱ የረጨ ሰው እንግዲህ ግማሹን ወር ሳሩን ገትቶ፣ ግማሹን ወር ሲያስረዝመው ነበር ማለት ነው። ያንን ሁሉ ገንዘብና ልፋት አስቡት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። 200 የሚለው ቁጥር ለዚያ ሳር፣ በዚያ ቁመት ሲታጨድ፣ ለዚያ ኬሚካል የተገኘ ነው። በእኛ አገር ብዙ ቦታ ያለው ሰርዶ የሙቅ አየር ሳር ነው፤ ለእርሱና ለመሰሎቹ የሙቀቱ ድምር የሚቆጠረው ከዜሮ ሳይሆን ከ10 ዲግሪ በላይ ያለው ብቻ ተወስዶ ነው፤ የመድገሚያው ቁጥርም ሌላ ነው። ከፍ ተደርጎ በሚታጨድ የግቢ ሳር ላይም የኬሚካሉ ቆይታ ከግሪኑ ይለያል። ከዚህ የምትወስዱት ዘዴውን ነው፤ ቁጥሩን እንዳለ ገልብጣችሁ ሜዳችሁ ላይ አትድፉት።

(አጭር የሙዚቃ ድልድይ)

ሰርዶን ካነሳን አይቀር። ገበሬው ከማሳው ነቅሎ ነቅሎ የሚሰለችበት ሰርዶ በዓለም ላይ ትልቅ ስም ያለው የስፖርት ሜዳ ሳር ነው። አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ ቲፍተን በምትባል ከተማ ግሌን በርተን የተባሉ ሳይንቲስት ሰርዶ ከደቡብ አፍሪካ ዘመዱ ጋር ተዳቅሎ የተገኘውን፣ ቲፍዌይ የተባለውን ዝርያ በ1960 አወጡ፤ እስከ ዛሬ በብዙ ስታዲየም ይረገጣል። ኪኩዩ ሳርም የትውልድ ቦታው የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ነው፤ የኢትዮጵያ ደጋም ይጨመርበታል። ይህ ሳር ዛሬ በሎስ አንጀለስ ታዋቂውን የሪቪዬራ ጎልፍ ሜዳ ሸፍኖ ይገኛል። በዚያው አገር በሕግ ከጎጂ አረሞች መዝገብ ውስጥ የገባውም እርሱ ነው፤ አያያዙን ላልቻለበት ሰው ሁሉን ወርሮ ይይዛልና። እንዲህ ያለ ጉልበተኛ ሳር የእድገት ተቆጣጣሪ ከሚያስፈልጋቸው ሳሮች ግንባር ቀደሙ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ከሰርዶ የተዳቀሉት ቀጫጭን ዝርያዎች ለኬሚካሉ ስሱ ናቸው፤ ለተራው ሰርዶ የሚበቃው መጠን እነርሱን ያቃጥላቸዋል። የሳራችሁን ዓይነት ሳታውቁ መጠን መወሰን አይቻልም።

መጠኑ ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ ደግሞ ልብ በሉልኝ። በዊስኮንሲኑ ሥራ ላይ የተረጨው ለአንድ ሄክታር 50 ግራም ያህል ንጹሕ ንጥረ ነገር ነው። ለ100 ካሬ ሜትር ሲሰላ ግማሽ ግራም ይሆናል። ግማሽ ግራም! በጀርባ መርጫ የሚረጭ ሰው በአንዱ መስመር ቀስ ብሎ፣ በሌላው ፈጥኖ ቢራመድ፣ አንዱ ቦታ ከመጠን በላይ ያገኛል፣ ሌላው ያንሰዋል። ከሳምንት በኋላ ሜዳው ላይ ቢጫና አረንጓዴ ዝንጉርጉር ይወጣል፤ ያ ዝንጉርጉር የሰውየው እርምጃ ነው። ስለዚህ መድኃኒት ከመነካቱ በፊት መርጫው በንጹሕ ውኃ ይሞላና 100 ካሬ ሜትር ተለክቶ ይረጫል። ስንት ሊትር እንደወሰደ ይታያል። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ እርምጃውም የውኃው መጠንም እኩል ሲሆን ብቻ ነው መድኃኒቱ የሚቀላቀለው።

በመጀመሪያው ሳምንት ሳሩ ትንሽ ቢጫ ሊል ይችላል፤ ይህ ብዙ ጊዜ የሚያልፍ ነው። ባለሙያዎች ቢጫውን ለመቀነስ ብረት ያለበት ማዳበሪያ አብረው ይረጫሉ። ከመጠን በላይ ተረጭቶ ሳሩ ቢደነዝዝ ደግሞ መልሶ የሚያነቃው ራሱ ጂብሬሊን ነው፤ ለሽያጭ ተዘጋጅቶ ይገኛል፤ በጥቂቱ ይረጭና እገዳውን ያላላል። በኩሮሳዋ ማጣሪያ ውስጥ ያለፈው ያ ንጥረ ነገር ለዚህም ይውላል።

የማይረጭበት ጊዜስ? ሳሩ በድርቅ ተጨንቆ ሲጠወልግ አይረጭም። ውርጭ መትቶት ሲተኛ አይረጭም፤ የማያድግን ነገር መግታት ትርጉም የለውም። ከሁሉ በላይ ግን የተጎዳ ቦታ ላይ አይረጭም። የእግር ኳስ ሜዳ ውስጥ የጎሉን አፍ ተመልከቱ፤ በረኛው የሚረግጠው ያ ቦታ ክረምት ከበጋ የተላጠ ነው። እዚያ የሚያስፈልገው ሳሩ በሙሉ ኃይሉ አድጎ እንዲሞላ ነው። ብልህ የሜዳ ሠራተኛ ሜዳውን በሙሉ ሲረጭ የጎሉን አፍና ዳኞች የሚመላለሱበትን ጠርዝ ይተዋል። ማዳበሪያም እንደ ድሮው አይበተንም። የተገታ ሳር የሚታጨደው ስለሚያንስ በታጨደው ሳር የሚወጣበት ናይትሮጅንም ያንሳል፤ ስለዚህ የዩሪያው መጠን ዝቅ ይላል።

ስለ ሕጉም ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የእድገት ተቆጣጣሪ ተባይ አይገድልም፤ ይሁንና በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የሚታየው እንደ ፀረ ተባይ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂንያ ውስጥ የግቢ ሳር በመንከባከብ ሥራ የተሠማራችሁ ወገኖች በርካታ ናችሁ። የሰው ግቢ ላይ በክፍያ ለመርጨት የባለሙያ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል፤ ማጨድ ያለ ፈቃድ ይቻላል ማለት መርጨትም ይቻላል ማለት አይደለም። አገር ቤት ደግሞ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር ሕግ አለ። ማንኛውም ሰው ኬሚካል ከመግዛቱ በፊት መመዝገቡን፣ ጽሑፉ ያልተላጠ መሆኑን፣ ለየትኛው ዕፅ እንደተፈቀደ ይመልከት። በሃይላንድ ተቀድቶ “ይህ ሳር ያሳጥራል” ተብሎ የሚሸጥ ነገር ምንም ይሁን ምን አትግዙ። ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ሻጩ ራሱ ላያውቅ ይችላል፤ የውኃ ዕቃ ስለሚመስል ደግሞ ልጅ ያነሳዋል።

የግል አስተያየቴን ልስጣችሁ። በግቢያችሁ ውስጥ ትንሽ ሳር ኖሯችሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የምታጭዱ ከሆነ ይህ ኬሚካል አያስፈልጋችሁም። ምላጩን ሳሉ፤ በአንድ ጊዜ ከሳሩ ቁመት ከአንድ ሦስተኛ በላይ አትቁረጡ፤ ክረምት ላይ ዩሪያ አታብዙ። እነዚህ ሦስቱ ከተሟሉ ሳራችሁ ይበቃችኋል። የኬሚካሉ ቦታ ማጨጃ ማሽን በማይደርስበት ዳገት፣ በከፊል ጥላ በሚታመም ሳር፣ በስታዲየምና በጎልፍ ሜዳ፣ እንዲሁም ሰፊ ሳር በጥቂት ሠራተኛ በሚያዝበት ተቋም ነው። ሰሞኑን በከተሞቻችን መንገድ ዳር ብዙ ሳር እየተተከለ ነው፤ ይህን ሳር የሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች ነገሩን በጥናት ቢያዩት ደስ ይለኛል። የሚያዩት ግን በራሳቸው መሬት ላይ ሞክረው እንጂ ከዊስኮንሲን ቁጥር ተውሰው እንዳይሆን።

ሙከራውም ቀላል ነው። በምትረጩበት ቀን አንድ ትልቅ ጣውላ ሳሩ ላይ አጋድሙና በላዩ ላይ እርጩ። ሲያልቅ ጣውላውን አንሱት፤ ሥሩ ያለው ሳር መድኃኒት አልነካውም። አራቱን ማዕዘን በችካል ምልክት አድርጉበት። ከዚያ ባጨዳችሁ ቁጥር ከጣውላው ቦታ የወጣውን ሳርና ከጎኑ በዚያው ስፋት የወጣውን ሳር በየባልዲው ለይታችሁ ለኩ፤ ሳሩን ሳትጠቀጥቁ ስንት ሊትር እንደሆነ ጻፉ። ከጎኑ የየቀኑን ሙቀት ጻፉ። የተረጨው ባልዲ ካልተረጨው ማነሱን አቁሞ እኩል መሆን ሲጀምር፣ ያን ዕለት የሙቀት ድምራችሁን ተመልከቱ። ከአንድ ክረምትና ከአንድ በጋ ማስታወሻ በኋላ ለእናንተ ሳር፣ ለእናንተ አየር የሚሆነው የመድገሚያ ቁጥር በእጃችሁ ይሆናል። ያንን ማስታወሻ ለሚተካችሁ ሠራተኛ አስረክቡት።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ስለ ሜዳ ሳር ውኃ አጠጣጥ እንነጋገራለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)